ቤይሩት ያለችው እህታችንና ቤታችን ያለችው ሠራተኛ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ለኮሚቴያችን ሃያ ደቂቃ ፈቅደውልናል። ብዙዎቻችሁ ከእኛ የምትጠብቁት ስንት ሐዘንተኛ እንዳጽናናን፣ ስንት አስከሬን ወደ አገር ቤት እንደሸኘን፣ ስንት በሽተኛ እንደጠየቅን እንድንነግራችሁ ነው። እሱ በዚሁ መጽሔት የሥራ ሪፖርት ውስጥ ተጽፏልና በየቤታችሁ አንብቡት። ዛሬ የምንናገረው በሪፖርቱ ውስጥ ስላልገባ፣ ልንጽፈውም ትንሽ ስላፈርንበት ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር የደመወዝ ወረቀቱም የፍርድ ቤት መዝገቡም የሚጻፈው በዚያ ስለሆነ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ኬንያዊት ሴት ወደ ማኅበራችን ቢሮ መጣች። ከካዋንግዋሬ በእግሯ ነበር የመጣችው። በሩ ላይ የነበረው ልጅ በስዋሂሊ «ምን ፈልገሽ ነው?» ቢላት በአማርኛ መለሰችለት። አነጋገሯም የእኛው እናቶች አነጋገር ነበር፤ «እባክህ የኔ ልጅ፣ አንድ ወረቀት ጻፉልኝ» አለችው። ይህች ሴት ከእኛው ቤተሰቦች በአንዱ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ልጆቹን አሳድጋለች። እንጀራ መጋገር ተምራ ጤፍ ሲወደድ ከማሽላና ከሩዝ ዱቄት ጋር እየቀላቀለች፣ ዓይኑ ያማረ እንጀራ ታወጣ እንደነበር የበሉት ይመሰክራሉ። የቤተሰቡ የአሜሪካ ጉዳይ አለቀና በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕቃ ተሸጠ፣ ቤት ተለቀቀ፣ አውሮፕላን ተሳፈሩ። ለእሷ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ሻንጣ ልብስ ተውላት። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ የለም፣ ያልወሰደችው ዕረፍት አልተከፈለም፣ የአገልግሎት ክፍያ የሚባል ነገርም አልተነሣም። እሷ ደግሞ ያን ቀን የጠየቀችን ገንዘብ አልነበረም። ሌላ ቤት ለመቀጠር ዘጠኝ ዓመት የት እንደነበረች የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነበር የፈለገችው።

እኛም ተሰብስበን ተከራከርን። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ክርክሩ ረጅምም መራራም ነበር። ከመካከላችን «ይህች ሴት አባላችን አይደለችም፤ የኬንያውያን ጉዳይ የኬንያ መንግሥት ነው» ያለ ነበር። «በማኅተማችን ወረቀት ብንጽፍ ነገ ሁሉም እየመጣ ይከሰናል» ብሎ የሰጋም ነበር። «ቤተሰቡ እኮ እንደ ልጁ ነው ያያት፤ በአንድ ገበታ ነው ያበላት» ብለው የተከራከሩም ነበሩ። ይህን ሲሰሙ ነበር እስከዚያ ዝም ብለው የቆዩ አንዲት እናት የተናገሩት። ልጃቸው ቤይሩት ስድስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። ማዳሟ ስልኩን እየተቀበለች በአስተርጓሚ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ትላቸው ነበር። በዚያው ጊዜ ግን የልጅቱ ፓስፖርት በማዳሟ ሣጥን ተቆልፎ ነበር፤ ደመወዟም የአሥራ አንድ ወር ውዝፍ ነበረው። እኚህ እናት ይህን ነግረውን ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው እንደ ቀድሞው ሊቀጥል አልቻለም።

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ስለ ቤይሩት ለማናችሁም መንገር አያስፈልገንም። በየካቲት 2012 አለም ደቻሳ የተባለች እህታችን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ እየተጎተተችና እየተደበደበች መኪና ውስጥ ስትከተት በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለም ሁሉ አየው። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በመጋቢት ወር በገባችበት ሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ። ብዙዎቻችን ያን ቪዲዮ አይተን እንቅልፍ አጥተናል። በኅዳር 2013 ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በጥቅምት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው እስከ 2018 ቆየ። እገዳው ግን መንገዱን አልዘጋውም። ደላላው ልጆቹን በሞያሌ እያሳለፈ እዚሁ ናይሮቢ ያመጣቸው ጀመር። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹን እዚህ አዳራሽ ያላችሁ እናቶች አሳድራችኋል፣ አብልታችኋል፣ «ተዪ፣ አትሂጂ» ብላችሁ ለምናችኋል።

ይህ ሁሉ ግፍ የሚቆምበት ሥርዓት ከፋላ ይባላል። ሠራተኛዋ በአገሩ ለመኖር የምትችለው በአሠሪዋ ዋስትና ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ከዚህ ሌላ ብዙ ያልተነገረለት አንድ ነገር አለ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በሰው ቤት የሚሠሩ ሠራተኞችን ሕጉ አይመለከታቸውም ብሎ በግልጽ ከውጭ አስቀርቷቸዋል። የሰዓት ገደብ፣ የዕረፍት ቀን፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባለው ሁሉ ለፋብሪካውና ለሱቁ እንጂ ለወጥ ቤቱ አልሆነም። ይህን ስንሰማ ተቆጣን፣ ያስቆጣልም። ነገር ግን የራሳችንን አገር ሕግ ገልጠን ብናይ የምናገኘው ሩቅ አይደለም። በ1993፣ በ2003ና በ2019 የወጡት የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጆች ሦስቱም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከአዋጁ ውጭ አድርገው ወደፊት በደንብ ይወሰናል ብለው ነው ያለፉት። ያሳደገችን ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤት ያመላለሰችን ሠራተኛ፣ በሕጉ ፊት እንደ ሠራተኛ አልተቆጠረችም። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ ድርጅቱ ከተቋቋመ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበር። አባልነቱ የቆየ ነው፤ ወደ ጓዳችን ግን አልገባም።

ስለዚህ የቤት ሠራተኛን ነገር መንግሥታት ብቻቸውን አላነሡትም። ያነሡት ራሳቸው ሠራተኞቹና እነሱን የደገፉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ናቸው። በ2006 ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞችና ደጋፊዎቻቸው አምስተርዳም ላይ ተሰበሰቡ። በ2009 ዓለም አቀፍ ኅብረት መሠረቱ፤ የምግብና የሆቴል ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበርም ጥላ ሆናቸው። ከዚያም ጄኔቭ ላይ በሁለት ዓመት ጉባኤ ተከራክረው ሰኔ 16 ቀን 2011 ስምምነት ቁጥር 189 እንዲጸድቅ አደረጉ። ድምፁ 396 ለ16 ነበር፤ 63 ድምፀ ተዓቅቦ። በጥቅምት 2013 እነዚሁ ሴቶች ኡራጓይ ውስጥ ሞንቴቪዴዮ ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፍ የቤት ሠራተኞች ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ኡራጓይ መመረጧ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስምምነቱን ከሁሉ በፊት ያጸደቀች አገር ነበረች። ፌዴሬሽኑ ዛሬ በብዙ አገር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 ያወጣው ግምት በዓለም 75.6 ሚሊዮን ያህል የቤት ሠራተኞች እንዳሉ ይናገራልና ገና ብዙ ይቀራቸዋል።

ስምምነት 189 ምን ይላል ብትሉ፣ ከባድ ነገር አይልም። ሠራተኛዋ ሥራዋንና ደመወዟን አስቀድማ ታውቅ፤ ቢቻል በጽሑፍ ይሁን። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ትረፍ። ቤት ውስጥ ካደረች የራሷ የምትለው፣ ክብሯን የሚጠብቅ ቦታ ይኑራት። በዕረፍት ቀኗ እዚያው ቤት እንድትቆይ አትገደድ። ፓስፖርቷና መታወቂያዋ በእጇ ይሁን። ይኸው ነው።

የእኛ ልጆችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በጥር 2015 ቤይሩት ላይ ኢትዮጵያውያቱ ከፊሊፒንስ፣ ከኔፓል፣ ከስሪ ላንካና ከሌላም አገር ከመጡ ሴቶች ጋር ሆነው በሊባኖስ አንድ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ሥር የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። የሊባኖስ ሥራ ሚኒስቴር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። በ2017 ደግሞ ባንቺ ይመርና ሌሎች የቤት ሠራተኛ የነበሩ እህቶቻችን «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ኮቪድም ሲጨመር፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ፣ አንዳንዶቹንም ያለ ፓስፖርት፣ እየነዱ አምጥተው ቆንስላው በር ላይ ሲጥሏቸው ምግብ ያቀበሉት፣ የቤት ኪራይ የከፈሉት፣ ወደ አገር መመለሻ ያፈላለጉት እነዚህ ልጆች ናቸው። በእጃቸው ከነበረው ነገር አንጻር ሲታይ ይህ ለእኛ ለትልልቆቹ ማኅበራት የሚያሳፍር ሥራ ነው። የሚያሳፍር ስንል በጎውን ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ናይሮቢያችን እንመለስ። የምንኖርበት አገር በሠራተኛ ነገር ረጅም ታሪክ አለው፤ በታሪኩ ውስጥ ደግሞ እንደ እኛ ከውጭ የመጣ ሰው አለ። ማክሃን ሲንግ የሚባል የፑንጃብ ልጅ በ1927 ወደ ኬንያ መጣ። በ1935 የሕንዶች ብቻ የነበረውን የሠራተኞች ማኅበር ለሁሉም ዘር ክፍት አድርጎ የኬንያ የሠራተኞች ማኅበር አሰኘው። በ1949 ከፍሬድ ኩባይ ጋር የምሥራቅ አፍሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስን መሠረተ። በ1950 ካሎሌኒ አዳራሽ ላይ የነጻነት ጥያቄ በግልጽ ካነሣ በኋላ እንግሊዞች ይዘው በሰሜን ኬንያ ሩቅ ስፍራዎች እስከ 1961 ድረስ አገቱት። አሥራ አንድ ዓመት ነው። ይህ ሰው ለራሱ ወገን ብቻ ቢሟገት ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር ብለን እናምናለን። እዚህ ያደጋችሁ ልጆቻችን የአዱዋን ጀግኖች ስም እንደምታውቁ የዚህንም ሰው ስም ብታውቁ ደስ ይለናል።

ዛሬ በኬንያ የቤት ሠራተኞችን የሚያደራጀው ኩድሄይሃ የተባለው ማኅበር ነው፤ የሆቴል፣ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ሠራተኞችም በዚያው ውስጥ ናቸው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባልም ነው። መቀመጫው አሜሪካ የሆነው ሶሊዳሪቲ ሴንተር የተባለው ድርጅት በ1997 ከተቋቋመ ወዲህ በብዙ አገር የሠራተኛ መብት ላይ ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ እዚህ ናይሮቢም ከኩድሄይሃ ጋር ሠርቷል። ሠራተኛ ማደራጀት ፋብሪካ ላይ ቀላል ነው ማለታችን ባይሆንም፣ ፋብሪካው ቢያንስ አንድ በር አለው፤ ሁሉም በዚያ ይወጣል። የቤት ሠራተኞች ግን እያንዳንዳቸው በየግቢያቸው ናቸው። በሩ ላይ አስካሪው አለ፣ ከአስካሪው ኋላ ውሻው አለ። የሚገኙት እሑድ በቤተ ክርስቲያን፣ ማለዳ በማታቱ ማቆሚያ ነው። በ2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስትቆርጥ የእነዚህን ድርጅቶች ብዙ ሥራ ጎድቶታል። የሚመጣ ሰው አስተምሮን እስኪሄድ ብንጠብቅ ብዙ እንቆያለን ያልነውም ለዚህ ነው።

ኬንያ በሕግ በኩል ከእኛም ከሊባኖስም ትሻላለች። የ2007 የቅጥር ሕግ የቤት ሠራተኛን አላገለለም። የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ሰው ፍትሐዊ የሥራ ሁኔታ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ «ማንኛውም ዜጋ» አላለም፣ «ማንኛውም ሰው» ነው ያለው። ይህች አንዲት ቃል ለእኛ ለስደተኞቹ ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ። በ2012 ደግሞ የኬንያ ኢንዱስትሪ ፍርድ ቤት በአንዲት የቤት ሠራተኛ ክስ ላይ ዝቅተኛው የደመወዝ ሕግ እሷንም ይጠብቃል ብሎ ሲፈርድ ያንኑ ስምምነት 189 ጠቅሷል።

እዚህ ላይ አንድ ውለታ ሳናነሣ ብናልፍ ይቆጨናል። በታኅሣሥ 2012 በከተማ ያለ ስደተኛ ሁሉ ተጠራርጎ ዳዳብና ካኩማ ይግባ የሚል መመሪያ በወጣ ጊዜ ኢስሊ ምን እንደሆነች አትረሱም። ሰው ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ፈርቶ ነበር። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት የቆመልን ኪቱዎ ቻ ሼሪያ ነው፤ በ1973 የተመሠረተ፣ ለድሀ በነጻ የሚሟገት የኬንያውያን ድርጅት። ሐምሌ 26 ቀን 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት መመሪያውን ሻረው። ጠበቆቹ «እነዚህ አባሎቻችን አይደሉም» አላሉም። በዚያ ስብሰባችን ላይ ይህ ሲነሣ «የኬንያውያን ጉዳይ የኬንያ መንግሥት ነው» ያለው ወንድማችን ራሱ ሐሳቡን አነሣ። ስሙን አንጠራውም፤ ዛሬ እዚሁ ተቀምጧል፣ በኋላም ሥራውን ከማንም በላይ የሠራው እሱ ነው።

ታዲያ ሕጉን ስናነብ ምን አገኘን? ያቺ ሴት የለመነችን ወረቀት ለካ ልመና አልነበረም። የኬንያ ሕግ ከአራት ሳምንት በላይ የሠራ ሰው ሲሰናበት አሠሪው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት መስጠት አለበት ይላል። እኛ ልጻፍላት ወይስ አይጻፍላት እያልን ሁለት እሑድ የተከራከርንበት ነገር ግዴታ ነበር። አሜሪካ ለሄደው ቤተሰብ ስልክ ደወልን። አባወራው መጀመሪያ በጣም ተቆጣ፤ «ከሰሳችሁኝ ወይ?» አለን። ባለቤቱ ግን በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች፤ አለቀሰችም። ወረቀቱ በኢሜይል መጣ፣ ገንዘቡም በሦስት ጊዜ በኤም-ፔሳ ገባላት። ሁሉም አልተከፈለም። የዘጠኝ ዓመት የዓመት ዕረፍት የትም አልተመዘገበምና እሱ ቀረ። ሴትዮዋ አሁን ላቪንግተን አካባቢ ትሠራለች፤ በገና እንጀራ ጋግራ ታመጣልናለች።

እያንዳንዱን አንቀጽ ብንዘረዝር ምሳው ይበርዳልና ዋና ዋናውን እንንገራችሁ። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ቅጥር ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ማዘጋጀቱም የአሠሪው ፋንታ ነው። ካልጻፋችሁ፣ ክርክር ሲመጣ የማስረዳቱ ሸክም በእናንተ ላይ ይወድቃል። ከሰባት ቀን አንድ ቀን ዕረፍት አለ፤ «እሑድ ከሰዓት» የሚባለው አንድ ቀን አይደለም። በዓመት 21 የሥራ ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ፣ ለወለደች ሦስት ወር ከነደመወዙ። የወር ደመወዝተኛን ለማሰናበት የ28 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ለማኅበራዊ ዋስትናው ለኤንኤስኤስኤፍ ካልተከፈለላት ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአገልግሎት ክፍያ አላት። የናይሮቢ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2018 13,572.90 ሽልንግ ነበር፤ በ2022 15,201.65 ሆነ፤ በ2024 በወጣው ትእዛዝ 16,113.75 ደርሷል። ይህ መነሻው ነው። መንግሥት በየጊዜው ስለሚያሻሽለው በየዓመቱ ግንቦት ላይ መጠየቅ ነው። መኖሪያ የማትሰጧት ከሆነም የቤት አበል ይጨመርበታል።

በሥራችን ላይ ከሁሉ የከበደን ተቃውሞ የድህነት ነገር ነው፤ እሱን አቃለን ማለፍ አንፈልግም። ኢስሊ ውስጥ ከአሜሪካ በሚላክ ጥቂት ዶላር አምስት ልጅ የሚያሳድጉ፣ የሥራ ፈቃድ የሌላቸው፣ ራሳቸውም ቡና ቤት አሥራ አራት ሰዓት ቆመው የሚውሉ እናቶች አሉን። እነዚህን «አሥራ ስድስት ሺህ ክፈሉ» ብንላቸው ከየት ያመጡታል? በኮሚቴው ውስጥ እስካሁን በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ የለንም። አብዛኞቻችን የተስማማንበት ይህ ነው፦ የወር ደመወዙን መክፈል ያልቻለ ቤት ሌሊትና ቀን አብራ የምትኖር ሠራተኛ አይቅጠር። በሳምንት ሁለት ቀን ለልብስና ለጽዳት በቀን ሒሳብ ይቅጠር፤ ወይም ሦስት ቤት ተስማምቶ የአንዲትን ሠራተኛ ደመወዝ አዋጥቶ ይክፈል። ሳውዝ ሲ ያሉ አራት ቤተሰቦች ይህን ጀምረው እየሠራላቸው ነው፤ ጭቅጭቁ የመጣው በተራ እንጂ በገንዘብ አልነበረም። ድህነታችን ግን ከእኛ የባሰችውን ድሀ በነጻ ለማሠራት ምክንያት አይሆነንም።

ሌላው ስለ ራሳችን ልጆች ነው። ከገጠር «ታግዘን፣ በዚያውም ትማር» ብለን ዘመድ አድርገን ያመጣናት ልጅ አለች። ትምህርት ቤት አልገባችም። ደመወዝ የላትም፣ ምክንያቱም «ዘመድ ናት»። ፓስፖርቷ እንዳይጠፋ ተብሎ በእትዬ ሻንጣ ውስጥ ነው። ከግቢ ብቻዋን አትወጣም፣ ምክንያቱም ፖሊስ ይይዛታል። እኛ የምናውቃት እንደዚህ ያለች ልጅ አንዲት ብቻ ብትሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ በዓል ላይ አናነሣውም ነበር። ቤይሩት ላይ ይህንኑ ነገር በስሙ እንጠራዋለን። ኪሊማኒ ላይ ሲሆን ለምን ስሙ እንደሚቀየር ስንጠያየቅ ቆይተናል፤ መልስ የሰጠን የለም። ፓስፖርት ይዛችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ መልሱላት። ከዚህ የበለጠ ዛሬ አንጠይቃችሁም።

ስለ ምግብ ቤቶቻችን ደግሞ በአጭሩ፤ በጉርሻ ብቻ የሚሠሩ አስተናጋጆች እንዳሉ ባለቤቶቹም ያውቁታል፣ ተመጋቢዎቹም እናውቃለን። ከባለቤቶቹ ጋር ከበዓሉ በኋላ ለብቻችን ለመነጋገር ቀጠሮ ይዘናል፤ አብዛኞቹ በበጎ ነው የተቀበሉን።

ለማንኛውም ኮሚቴው አንድ የቅጥር ውል አዘጋጅቷል። ሁለት ገጽ ነው፤ በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አንድ የኬንያ ጠበቃ በነጻ አይተውልናል፤ አማርኛውን ያረሙት የቀድሞ መምህራችን ናቸውና በፊደሉ ላይ ቅሬታ ያለው ከእሳቸው ጋር ይነጋገር። ከውሉ ጋር የሥራ ቀንና ዕረፍት የሚመዘገብበት ትንሽ ደብተር አለ፤ ያቺ ሴት የዘጠኝ ዓመት ዕረፍቷን ያጣችው እንደዚህ ያለ ደብተር ስላልነበረ ነው። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሁለት ሰው ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። አሠሪም ይምጣ፣ ሠራተኛም ትምጣ፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን ኬንያዊ። በእኛ በኩል ካልተፈታ ወደ ኩድሄይሃ ወይም ወደ ኪቱዎ ቻ ሼሪያ እንሸኛለን፤ ይህን አስቀድመን የምንናገረው በኋላ «ከሰሳችሁኝ» እንዳንባባል ነው።

ውሉና ደብተሩ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፤ ላልመጣ ጎረቤትም ጨምሩ።

የዛሬውን ምሳ ከእናቶቻችን ጋር ሆነው ከትናንት ሌሊት ጀምሮ ያዘጋጁልን ሰባት ኬንያውያት ሴቶች ናቸው፤ አሁንም ጓዳ ውስጥ ናቸው። የሌሊቱ ሥራ ተቆጥሮ ሒሳባቸው በፖስታ ታሽጎ ተዘጋጅቷል። ገንዘብ ያዣችን ምሳው ከመቅረቡ በፊት ወደዚያ ሄደው በየስማቸው ይሰጧቸዋልና እባካችሁ አምስት ደቂቃ ታገሡን።